«ዘራቸው ነው ወይ?» ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤
ደሴ

እማዬ፣ የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አፏን በከፈተች ቁጥር ታስቃለች፤ ፎቶዋን ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ታሳይሽ።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን እዚያው ያልመለስኩልሽ ባለቤቴ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አማርኛ ባትሰማም «ስኳር» ስንል ታውቃለች። «የባለቤትህ እናት እግር ቁስል አልድን ብሏል፣ አጎቷን ኩላሊቱን ያጥቡታል፣ አያቷም በዚሁ ነው የሞቱት አልከኝ፤ ዘራቸው ነው ወይ? ልጅቷንስ አይለቃትም?» ነበር ያልሽኝ። አጭሩ መልስ «በከፊል አዎ፣ አንቺ በፈራሽው መንገድ ግን አይደለም» የሚል ነው። ረጅሙን ለሌላ ሰው ብጽፈው ይሰለቸኛል፤ ስንቱን ተማሪ የሜንዴልን አተር ያስተማረች እናት ስላለችኝ ግን ደፍሬ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

መጀመሪያ የባለቤቴን የሜክሲኮ-አሜሪካውያን ቤተሰብ ላሳይሽ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም አማቴ ዘንድ ይሰበሰባል። የሳን አንቶኒዮ የእሑድ ቁርስ ባርባኮዋ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ የበሰለ የከብት ጉንጭ ሥጋ በትኩስ ቶርቲያ ይጠቀለልና ቢግ ሬድ ከሚሉት ደማቅ ቀይ ለስላሳ ጋር ይቀርባል። ከመብላታቸው በፊት አማቴና እህቶቿ ጣታቸውን ወጋ አድርገው ጠብታ ደም በቀጭኗ መመርመሪያ ጫፍ ላይ ያስነካሉ፤ ማሽኗ ትንሽ ቆይታ ቁጥር ታወጣለች። 180 የወጣላት 240 በወጣላት ላይ ትቀልዳለች፤ ከዚያ ሁለቱም ቶርቲያቸውን ያነሣሉ። በዚያ ቤት ስኳር እንደ ሽበት ነው የሚታየው፤ ዕድሜ ሲገፋ አብሮ የሚመጣ ነገር። አጎትየው ብቻ አይስቅም። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን የሚታጠብ ሰው ምን ያስቀዋል?

ነገሩ የአማቴ ቤት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው አንድ አሜሪካዊ በዕድሜ ዘመኑ በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሉ 40 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሂስፓኒክ ከሆነ ከ50 ከመቶ ይበልጣል። ሂስፓኒክ ሲባል ደግሞ አንድ ሕዝብ እንዳይመስልሽ። ሜክሲኮውም፣ ኩባውም፣ ፖርቶ ሪኮውም በዚህ ስም ይጠራል፤ የቀደምት አሜሪካውያን፣ የስፔንና የአፍሪካ ደም በየሀገሩ በተለያየ መጠን ተቀላቅሎባቸዋል። ከ2008 ጀምሮ በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ ከ16,000 በላይ ሰው የመዘገበ ጥናት የስኳርን ስርጭት ከደቡብ አሜሪካ በመጡት ዘንድ 10 ከመቶ ገደማ፣ በሜክሲኮዎቹ ዘንድ ግን 18 ከመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

የእኛ ከተማ ሰዎች ይህን ማጥናት የጀመሩት በ1979 ነው። ማይክል ስተርንና ባልደረቦቹ «የሳን አንቶኒዮ የልብ ጥናት» ብለው ሲነሡ ሰዎቹን ከሦስት ዓይነት ሰፈር መረጡ፦ ባሪዮ ከሚባለው ድሃ የሜክሲኮዎች ሰፈር፣ ሜክሲኮዎቹና ነጮቹ ተቀላቅለው ከሚኖሩበት መካከለኛ ሰፈር፣ እና ኑሮው ደህና ከሆነው የከተማው ዳርቻ። እየቆየ ከ5,000 በላይ ሰው ተመረመረ። ሜክሲኮ-አሜሪካዊው ከባሪዮ ወደ ዳርቻው በራቀ መጠን ስኳሩ እየቀነሰ ሄደ። «አየህ፣ ድህነት ነው» ትዪ ይሆናል። ቆዪ። በ1984 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ የዚያው ሕዝብ ከቀደምት አሜሪካውያን የወረሰው የዘር ድርሻ በባሪዮ 46 ከመቶ፣ በመካከለኛው ሰፈር 27፣ በዳርቻው 18 ገደማ እንደሆነ ገመቱ። እንግዲህ «አየህ፣ ዘር ነው» ማለትም ይቻላል። ድህነቱና ዘሩ በአንድ መንገድ፣ እኩል እየተራመዱ ነው የወረዱት።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ስፔኖች ከገቡ ጀምሮ ቀላ ያለው ከላይ፣ ጠቆር ያለው ከታች በተቀመጠበት አገር ማን ደሃ እንደሚሆን የዘር ሐረጉ ቀድሞ ወስኖለታል። በሰፈር መካከል ያለን ልዩነት አይቶ «ዘረመል ነው» የሚል ሰው ታሪክን ከደም ጋር አምታቶ ሊሆን ይችላል። በ2009 የሜክሲኮና የኮሎምቢያ ሰዎችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል፤ የኑሮ ደረጃ በስሌቱ ሲገባ በዘር ሐረግና በስኳር መካከል ያለው ዝምድና ሳሳ። እዚህ ግን በየሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ «የነሱ ዘር ነው» ሲባል ዛሬም እሰማለሁ፤ ራሳቸው ሜክሲኮዎቹም ይሉታል።

ቤተሰብን ማጥናት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በአንድ ሰፈር ያድጋሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ። ሁለት ወንድማማቾች አንድን የክሮሞሶም ቁራጭ የሚጋሩት በአማካይ በግማሽ ዕድል ነው፤ ይህን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ስኳር የያዛቸው ወንድማማቾች ከግማሽ በላይ የሚጋሩት ቁራጭ ከተገኘ ጥፋተኛው እዚያ አካባቢ አለ ማለት ነው። ክሬግ ሃኒስ የሚባል ተመራማሪ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር፣ በስታር ካውንቲ ቤተሰቦችን በዚህ መንገድ ይከታተል ነበር። ስታር ካውንቲ በአሜሪካ ካሉት ድሃ አውራጃዎች አንዱ ነው፤ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ነው። በ1996 ክሮሞሶም 2 ጫፍ ላይ አንድ ቦታ ተጠቆመ። በ2000 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከግሬም ቤል ቡድን ጋር ሆነው ዘረመሉን ይዘናል አሉ፦ ካልፔይን 10። ዓለም አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተደረጉት ፍለጋዎች ግን ካልፔይን 10ን ዋና ጥፋተኛ ብለው አላጸኑትም። አንድ ዘረመል፣ አንድ ባሕርይ የሚለው የሜንዴል ሥርዓት ለዚህ በሽታ አልሠራም።

ሳን አንቶኒዮ ላይ ደግሞ በ1991 ጂን ማክሉር የመሩት የቤተሰብ ጥናት ተጀመረ። አርባ ያህል ሰፋፊ ቤተሰቦች፣ ከ1,400 በላይ ሰው፤ አያት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ ሳይቀር። የተመረጡት የታመመ ስላለባቸው ሳይሆን ብዙ ዘመድ ስላላቸው ነው። ይህን ነገር ወድጄዋለሁ፤ በሽተኛን ብቻ እየለቀሙ የሚጠና ዘር ሁልጊዜ በሽተኛ መስሎ ይታያልና።

አሁን ስለ ኢንሱሊን አለመታዘዝ ልንገርሽ፤ የልጅቷ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊኑ ጡንቻንና ስብን «ስኳሩን ውሰዱ»፣ ጉበትን ደግሞ «ማምረቱን ተው» ይላል። በአንዳንድ ሰው ሰውነት እነዚህ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ቆሽት እጥፍ እየሠራ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ለዓመታት የደም ስኳሩ ደህና ሆኖ ይታያል። ስኳር በሽታ የሚመጣው ቆሽቱ የደከመ ዕለት ነው። ሁለት ነገር መበላሸት አለበት ማለት ነው፤ አለመታዘዙ ብቻውን አይበቃም።

ይህን አለመታዘዝ መለካት አድካሚ ነው። በ2000 የተጀመረው የኢንሱሊን አለመታዘዝ የቤተሰብ ጥናት ሂስፓኒክ ቤተሰቦችን ከእኛው ከሳን አንቶኒዮና ከኮሎራዶው ሳን ሉዊስ ሸለቆ ወስዷል፤ ከሎስ አንጀለስ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያንን። ሰውየው ሌሊቱን ጾሞ ጠዋት ይመጣል። ክንዱ ላይ ቱቦ ይገባለታል። በክብደቱ ልክ የተመጠነ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይለቀቃል፤ 20 ደቂቃ ሲሞላ ጥቂት ኢንሱሊን ይከተላል፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ሰውየው ጋደም ብሎ በየተወሰነው ደቂቃ ደሙ ይቀዳል። ስኳሩ በምን ፍጥነት እንደወረደ ከኢንሱሊኑ መጠን ጋር ተገናዝቦ፣ ሪቻርድ በርግማን በቀየሰው ስሌት ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚታዘዝ በቁጥር ይወጣል። አያትና የልጅ ልጅ ተራ በተራ እዚያ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አንድ የደም ምርመራ ውሰጂ ስንልሽ የምትሸሺው አንቺ ይህን አስቢ።

ከዚህ ሁሉ ድካም ምን ተገኘ? አለመታዘዙ በቤተሰብ እንደሚወረስ በግልጽ ታይቷል፤ ውርሱ ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ በሚገፉ ብዙ ዘረመሎች ላይ ተበትኗል። የሚገርመው፣ እስካሁን በዓይነት ሁለት ስኳር ከታወቁት ውስጥ ጉልህ የሆኑት ብዙዎቹ የሚነኩት የቆሽትን ብርታት ነው። በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ያገኙት፣ ከተለመዱት ሁሉ ጎላ ያለው ቲሲኤፍ7ኤል2 ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከዚያ የ2013 ገና መጣ። ሲግማ በሚል ስም የተባበሩ የሜክሲኮና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ8,000 በላይ የሜክሲኮና የላቲን አሜሪካ ሰዎችን መርምረው ኤስኤልሲ16ኤ11 በሚባል ዘረመል ላይ አንድ ዝርያ አገኙ። በቀደምት አሜሪካውያን ዘንድ ግማሽ ያህሉ ቅጂ ይህ ነው፤ በምሥራቅ እስያ ከ10 አንዱ ገደማ፤ በአውሮፓና በአፍሪካ ግን እምብዛም የለም። ምንጩ ሲፈለግ ከኒያንደርታል የተወረሰ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጦቹ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህችን ያዟት፤ «የዋሻ ሰው ስኳር» ዓይነት ርዕስ ስንት ቀን አነበብኩ መሰለሽ! ቁም ነገሩ ሌላ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፍለጋው በብዛት በአውሮፓውያን ደም ላይ ስለተደረገ ይህ ዘረመል ሊታይ አይችልም ነበር፤ የሌለበት ቦታ ነዋ የሚፈለገው። በ2017 ደግሞ ዝርያው በጉበት ውስጥ የዘረመሉን ሥራ እንደሚያዳክም ተገለጠ፤ መድኃኒት ለሚሹ ሰዎች ይህ የሚጨበጥ ፍንጭ ነው።

እንግዲህ ስለ ልጅቷ እናስላ። ይህን ዝርያ ከእናቷ ብትወርስ አንድ ቅጂ ነው የምትወርሰው፤ ሁለተኛውን ከእኔ ማግኘቷ የማይመስል ነገር ነው። አንድ ቅጂ አደጋውን በ20 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን ዝርያው ከሌላቸው 100 ሰዎች 10 ይታመሙ ከነበር፣ አንድ ቅጂ ካላቸው 100 ሰዎች 12 ይታመማሉ እንደማለት ነው። የቀሩት 88 ዝርያውን ተሸክመው ያለ ስኳር ይኖራሉ። «አይለቃትም» የሚያሰኝ ነገር እዚህ ውስጥ አላገኘሁም።

ከበድ ያለውንም አልደብቅሽ። በ2014 እነዚሁ የሲግማ ተመራማሪዎች ኤችኤንኤፍ1ኤ በሚባል ዘረመል ላይ አደጋውን አምስት እጥፍ ገደማ የሚያደርስ ለውጥ አገኙ፤ ስኳር ካለባቸው ሜክሲኮዎች 100 ውስጥ 2 ያህሉ አላቸው። በዚሁ ዘረመል ላይ በደረሰ ሌላ ጉዳት ገና በወጣትነታቸው የሚታመሙ ሰዎች አንቺም ስሙን እንደምታውቂው ግሊቤንክላሚድ ላለ የቆየና ርካሽ ኪኒን ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ፤ ለነዚህኞቹም ይሠራ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። በ2017 ደግሞ በተቃራኒው ከስኳር የሚከላከል ዝርያ በሜክሲኮዎች ዘንድ ተገኘ፤ አይጂኤፍ2 ላይ ያለ፣ አደጋውን በ20 ከመቶ ገደማ የሚቀንስ። ስለዚህ የባለቤቴ ወገን ለልጅቷ መከታም አውርሷት ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም በርዕስ አላወጣውም።

ዘር ብቻውን የት እንደሚያደርስ ማየት ከፈለግሽ ፒማ የሚባሉትን ቀደምት አሜሪካውያን ተመልከቺ። የአሪዞና ፒማዎች በስኳር ብዛት በዓለም ይታወቃሉ። ዘመዶቻቸው ከድንበሩ ወዲያ፣ በሜክሲኮ ሶኖራ ተራሮች ማይኮባ በሚባል ቦታ እያረሱ ይኖራሉ። በ2006 የወጣው ጥናት በአሪዞናዎቹ 38 ከመቶ፣ በማይኮባዎቹ ግን 7 ከመቶ ገደማ ስኳር አገኘ። ደሙ ያው ሆኖ እርሻው፣ መንገዱና ማዕዱ ብቻ ተለየ። ይህ ደግሞ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1980ዎቹ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ገና በገቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር ስኳር መበርከቱ በ1988 ተጽፏል። በጥቂት ዓመት ዘረመል አይለወጥም።

እዚህ ላይ ተስፋ የሰጠኝ በ2002 የወጣው ትልቁ የመከላከል ጥናት ነው፤ ሳን አንቶኒዮም ከማዕከሎቹ አንዷ ነበረች። ስኳር አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። ክብደታቸውን 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተረዱት ሰዎች በስኳር የመያዛቸው መጠን ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ58 ከመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 ከመቶ። በ2006 ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 ሲመረመር፣ አደገኛውን ዝርያ በሁለት ቅጂ የተሸከሙትም ከእርምጃውና ከአመጋገቡ ተጠቅመው ነበር። ይህን ለአማቴ እህቶች ስነግራቸው ታናሽየዋ «ታዲያ ማን እንደዚያ ቆሞ ይረዳኛል? ሁለት ሥራ ነው የምሠራው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥናቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አማካሪ ተመድቦ ነበር፤ ባሪዮ ውስጥ አማካሪ የሚመድብ የለም። ዘረመሏን የሚቆጥርላት ሰው ከመጣ በኋላ የምትራመድበትን ሰዓት የሚሰጣት አልመጣም።

እኛ ቤት ባርባኮዋው ቀርቶ አያውቅም፣ አይቀርምም። ቢግ ሬዱ ግን ከልጅቷ ፊት ተነሥቷል፤ ከቁርስ በኋላም ልጆቹን ሁሉ ይዘን በወንዙ ዳር እንሄዳለን። አማቴ እግሯ እስኪድን በረንዳ ላይ ሆና ትሰድበናለች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «የእኛ ዘር ስኳር አያውቅም» ብለሽኛል። አባቴ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ውሃ እንዴት ይጠጣ እንደነበር እኔም አንቺም እናስታውሳለን። ማንም ለክቶት አያውቅም። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2021 እንዳለው በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንዳለባቸው አያውቁም። የልጅቷ ግማሽ ከሜክሲኮ ነው፤ ግማሹ ግን ከደሴ ነው። የሜክሲኮው ግማሽ ከ1979 ጀምሮ ሲመዘንና ሲለካ ኖሯል። የእኛው ገና ነው።

ስለዚህ እማዬ፣ ዓርብ ጠዋት ጾም ስለሆንሽ ምንም አይከብድሽም፤ ቡናውንም ሳትቀምሺ ጤና ጣቢያ ሂጂና የባዶ ሆድ ስኳርሽን ተለኪ። ከ100 በታች ከሆነ ደስ ይለናል፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ አፋፉ ላይ ነሽ፣ እንነጋገራለን፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ደግመው ይለኩሽ። ቁጥሩን ለእህቴ ንገሪያትና ትላክልኝ። የልጅቷ ሐኪም በሚሞላው ቅጽ ላይ የእናቷ ወገን ሁሉ ተጽፎ አልቋል፤ የአባቷ ወገን የሚለው ቦታ ባዶውን ነው።

የሚወድሽ ልጅሽ፤
ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ